ያልተቆጠረው መንገድ

መንገዶች የሚሞቱት ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆጣሪው፣ በየመንገዱ የሚያልፈውን ሰው የሚቆጥረው የመንግሥት ማሽን፣ የሳምንቱን ውጤት ያነባል፤ በካናዳ የሳስካችዋን ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ሰው የማይሄድበት መንገድ ይፋቃል። ሲፋቅ የሚመጣ ቡልዶዘር የለም፣ አጥር አይታጠርም፣ አስፋልቱም በነበረበት ይተኛል። መኪኖቹ ብቻ ማየት ይተዋሉ። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ተሳፋሪው በጣቱ እየጠቆመ "እዚህ ጋ ታጠፍ እንጂ!" ብሎ ቢጮህ መኪናው በጨዋ ድምፅ "በዚያ በኩል ምንም የለም" ይለዋል። መሪ የሚባል ነገር ከመኪና ላይ ከተነሳ ሁለት ትውልድ አልፏል፤ ስለዚህ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ግሪንሊ የምትባለው ጎረቤት መንደር የተፋቀችው ባለፈው መከር ነው። ሰዎቿ ሳስካቱን ከተማ ውስጥ አፓርታማ ተሰጣቸው። ጥሩ አፓርታማ ነው፤ ማንም አላታለላቸውም። ከእነሱ አንዱ አቶ ፒተር ግን በየወሩ መኪና ይዘው በዋናው መንገድ ያልፋሉ። ከመስኮቱ ወዲያ የገዛ ጎተራቸው ቆሞ ይታያቸዋል፣ መኪናው ግን አያይላቸውም። አንድ ጊዜ "ቢያንስ እዚህ አቁምልኝ" ብለው ለመኑት። መኪናው የሚያቆምበት ምክንያት እንዳላገኘ በትሕትና ነግሯቸው አለፈ።

በዚህኛው ማክሰኞ ተራው የዳንሞር ሆነ።

ምንትዋብ ማስታወቂያውን የሰማችው ምስር ማበጠሪያው ውስጥ ሆና ነው። ማሽኑን ለአንድ አፍታ አጥፍታ ነበር፤ ከሰማች በኋላ መልሳ ማስነሳቱ ጠፋባት። ከዋናው መንገድ ተነስቶ ዳንሞርን አቋርጦ እስከ ሮዝሊን የሚደርሰው አውራ ጎዳና፣ በመንግሥት ካርታ ላይ ረጅም ቁጥር ያለው፣ ዳንሞሮች ቀጥ ስላለ ብቻ "ዘንጉ" የሚሉት መንገድ፣ በወሩ መጨረሻ ይፋቃል ተባለ። ያለ ዘንጉ ምስር ከዳንሞር አይወጣም፣ ሐኪም ወደ ዳንሞር አይገባም። ያለ ዘንጉ ዳንሞር የለችም።

የምንትዋብ አያቶች ከኢትዮጵያ እዚህ የመጡት የምስር ፋብሪካ ሠራተኛ ፈልጎ በነበረበት ጊዜ ነው። ፋብሪካው ከስሮ ሄደ፤ እነሱ ግን መሬቱን ገዝተው ቀሩ። ሦስት ትውልድ ሙሉ ምስርና ሽምብራ ዘሩ፣ ወለዱ፣ ቀበሩ። ዳንሞር ውስጥ የተወለደ ልጅ በረዶ ላይ መሮጥና በአማርኛ መሳደብ እኩል ይችላል። ባሏ አስናቀ ከአሥር ዓመት በፊት ከሞተ ወዲህ የዕድሩ ሰብሳቢ ምንትዋብ ናት። አንድ ልጇ ኤልዳና ዊኒፔግ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለዚህ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ለምንትዋብ የቀራት ነገር ይህቺ መንደር ናት፤ ይህንንም ለመናገር አታፍርም።

"ማነው ያልሄደበት?" አለች ለባዶው ክፍል። ንዴቷ ከሐዘኗ ቀድሞ መጣ።

ንዴቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳንሞሮች አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሮዝሊን ውስጥ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ከዳንሞር ሦስት መኪና ሙሉ ሰው "ይማርህ" ሊል ይሄዳል። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ፣ ጥየቃ የመጣውን ሰው መሸኘት አለ፣ ሸኚውን መልሶ መሸኘትም አለ። ዘንጉ ላይ መኪና የማይታይበት ሰዓት ቢፈለግ አይገኝም። ቆጣሪው ግን ባለፉት ዓመታት ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው ይል ነበር። እሱም ጋሽ ስቴፋን ነው።

ጋሽ ስቴፋን የዳንሞር ነባር ነዋሪ፣ ዘሩ ከዩክሬን የሆነ ሽማግሌ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሮዝሊን ከርሊንግ ሊጫወት ይሄዳል፤ ክረምት ከበጋ አዳራሽ ውስጥ በሚረጋ በረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱበት ጨዋታ ነው። "ባለመንገዱ!" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። "ባለመንገዱ፣ በመንገድህ ላይ ሮዝሊን ደርሰን እንምጣ? ትፈቅድልናለህ?" እሱም እጁን እንደ ንጉሥ እያወዛወዘ ይፈቅዳል። በሳቅ የተያዘው ይህ ነገር ግን መንገዱን በሕይወት ያቆየ ነገር ነበር። ካለፈው ፀደይ ወዲህ ስቴፋንም መቆጠር አቆመ። አንድም ሐሙስ አልቀረሁም ብሎ በእናቱ ስም ይምላል። ቆጣሪው ግን ዜሮ ይላል።

ሌላም የማይገባ ነገር ነበር። ዳንሞር ከሰላሳ የማይበልጡ ቤቶች ያላት መንደር ስትሆን ሦስት ግዙፍ የመኪና ማቆሚያዎች አሏት። ማንም አልጠየቃቸውም። በየጥቂት ዓመቱ ሰው የሌላቸው ማሽኖች በሰልፍ ይመጣሉ፣ "ለከፍተኛ የማቆሚያ ችግራችሁ ምላሽ" ብለው አስፋልት ያነጥፋሉ፣ ነጭ መስመር ያሰምሩና ይሄዳሉ። በአንዱ ላይ ሽምብራ ለፀሐይ ይሰጣል፣ በአንዱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሦስተኛው ለሠርግ ድንኳን ያገለግላል።

ዕድሩ በዚያው ቀን ተሰበሰበ። ነገሩ ግልጽ መሰላቸው፦ ቆጣሪው አላየንም፣ ስለዚህ በደንብ እንታየው። ሳምንቱን ሙሉ ዳንሞር ከቤቷ ወጣች። አሮጊት ሳይቀር መኪና ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ አለው። ሥራ የሌለው ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ሄዶ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ኩራት እየተሰማው ይመለሳል። በቀጣዩ ማክሰኞ ሁሉም ማበጠሪያው ውስጥ ተሰብስበው ውጤቱን ጠበቁ።

"ዳንሞር፦ ሙሉ ጉዞ፣ ዜሮ" አለ ቆጣሪው። ቀጠለና "ዳንሞር፦ አራተኛ የመኪና ማቆሚያ ተፈቅዷል" አለ።

ምንትዋብ ሕጉን አስመጥታ እዚያው ማንበብ ጀመረች።

ሕጉ አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር። መንገዱ የሚፋቅበት መንደር ከጠየቀ አንድ ሰው፣ ሥጋ ለባሽ ሰው፣ ይላካል፤ ከነዋሪዎቹ አንዱን ይዞ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበትና ይሰማል። ይህ ሰው "ሰሚ" ይባላል። ለዳንሞር የተላከችው ሰሚ ሃሊና ቦይቹክ ትባላለች፤ ረጅም፣ ዓይኖቿ የደከሙ ሴት ናት። ጆሮዋ ላይ ትንሽ ተርጓሚ ለጥፋለች።

"እውነቱን ልንገርዎት" አለች ገና ከመኪናዋ ስትወርድ። "ብዙ መንገድ ሰምቻለሁ። ሰዎች አልቅሰውልኛል፣ ዘፍነውልኛል፣ ፎቶ አሳይተውኛል። አንድም የተረፈ መንገድ የለም። ቆጣሪው የሚያየው ሙሉ ጉዞ ብቻ ነው። ሙሉ ጉዞ ማለት አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲደርስ ነው።"

"እኛም የምንለው ይህንኑ ነው" አለች ምንትዋብ። "እንሄዳለን፣ እንደርሳለን።"

"ቆጣሪው አልሄዳችሁም ይላል።"

"እንግዲያው ይዋሻል።"

"ቆጣሪው መዋሸት አይችልም" አለች ሃሊና። ይህን ያለችው በኩራት አልነበረም፤ ደክሟት ነው። "በሉ እንሂድ።"

ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሟል። ምንትዋብ የዳንሞር ሰው በሚሳፈርበት መኪና ገባች፤ ሃሊና አጠገቧ ተቀመጠች። ምንትዋብ ቀበቶዋን እያሰረች ማበጠሪያው ውስጥ ማሽኑ እየሠራ መሆኑ ትዝ አላትና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

"ጋሽ ስቴፋን! ማሽኗን እያት እስቲ፣ እንዳትታነቅ! መጣሁ!"

"ደርሰዋል" አለ መኪናው ለስለስ ብሎ።

ምንትዋብ መስኮቱን ዘጋች። "ወደ ሮዝሊን ውሰደን" አለች፤ መኪናው ተነሳ።

ሃሊና ተርጓሚዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ የተበላሸ መስሏት። "ይቅርታ፣ አሁን ለሽማግሌው ምን አሏቸው?"

"ማሽኑን እንዲያይልኝ።"

"ከዚያ በኋላ።"

"ምንም። መጣሁ አልኩት።"

"ጆሮዬ ላይ 'መጥቻለሁ' ነው የሚለኝ። ከየት ነው የመጡት? እየሄድን አይደል?"

"እየሄድን ነው" አለች ምንትዋብ። ሴትዮዋ ብሩህ አልመሰለቻትም። "ስሄድ ነዋ መጣሁ የምለው። ከሄድኩ በኋላ ምን ብዬ እላለሁ?"

መኪናው የዳንሞርን የመጨረሻ ቤት አልፎ ሜዳው ውስጥ ገባ። በግራ በኩል ዳክዬ የሞላበት ኩሬ አለ፤ ዘንጉ በሕይወቱ የሚታጠፈው እዚያ ብቻ ነው፣ ለዳክዬዎቹ ሲል። ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ሰማዩ ውስጥ ይገባል። ሃሊና ግን ወደ ውጭ አላየችም፤ ጉልበቷ ላይ ያለውን ሰሌዳ ነበር የምታየው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ ጉዞ ተጀመረ፣ ዳንሞር። ጉዞ ተጠናቀቀ፣ ዳንሞር። ርቀት፣ ዜሮ። አሁን በመካሄድ ላይ ያለው፦ የማቆሚያ ቦታ ፍለጋ።

"ወይዘሮ ምንትዋብ" አለች ሃሊና ቀስ ብላ፣ "መኪናው 'ደርሰዋል' ያለዎት ለምንድን ነው?"

"ልማዱ ነው። ሁሌም ይላል።" ምንትዋብ እንደ ቀላል ነገር አወራችው። "እኛ ምርቃት ነው የሚመስለን። 'እንደደረሱ ይቁጠሩት፣ አያስቡ' እንደማለት። አያቴም እንደዚህ ነበር የሚመልስላት።"

ሃሊና ሰሌዳውን አዞረችላት። ምንትዋብ አነበበች። ሁለተኛ አነበበች። ፊቷ ደም መሰለ።

"ማቆሚያ ፍለጋ?" አለች። "እስከ ሮዝሊን ድረስ ማቆሚያ ፍለጋ?"

ከዚያ ሳቅ አመለጣት። መቆም ያቃተው፣ ሆድ የሚያሳምም ሳቅ ነበር። ሦስቱ ሰፋፊ አስፋልቶች፣ የሽምብራው፣ የኳሱ፣ የሠርጉ፣ አራተኛው ደግሞ በመምጣት ላይ ያለው! መንግሥት ለዓመታት እነዚያን ሰዎች ከመንደር እስከ መንደር ማቆሚያ አጥተው ሲዞሩ ያያቸው ነበር፤ አዝኖላቸውም ነበር። ሃሊናም ሳታስበው አብራት ሳቀች። ተርጓሚው ሳቅን እንደ ሳቅ አሳልፎ ስለሚተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድልድይ ተገናኙ።

ሳቁ እንዳለቀ ግን ለምንትዋብ ያለፈው ሳምንት ታወሳት። ሕዝቡ ሁሉ መንገዱን ለማዳን ሲወጣ፣ በየበሩ ቆሞ በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ከዚያ በፊት ሰምታ በማታውቀው ድምቀት "መጣሁ! መጣሁ!" ሲል ነበር። መንገዳቸውን በገዛ አፋቸው እየፋቁት ነበር።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች ሃሊና። "አቶ ስቴፋንስ? የእሳቸው ጉዞ ለዓመታት ተቆጥሯል። ከፀደይ በኋላ ነው የጠፋው።"

ምንትዋብ በመኪናው ደወለችለት። ከጀርባው ማሽኑ ይጮሃል።

"ጋሽ ስቴፋን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቤት ስትወጣ ምን ትላለህ?"

"ምን እላለሁ፣ መጣሁ እላለሃ" አለ ስቴፋን በተጣመመ አማርኛው፣ እያኮረፈ። "ድሮ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዘንድሮ ብዙነሽ ጎረቤቴ 'ሰው እንደ ሌባ ዝም ብሎ ይወጣል እንዴ? ነውር ነው!' አለችኝ። አሁን እላለሁ። ምነው፣ አጠፋሁ?"

"አላጠፋህም" አለች ምንትዋብ። "ከኛ ሆንክ፤ ያ ብቻ ነው።"

የመጨረሻው የሚቆጠር ሰውም አማርኛ ተምሮ ጠፋ።

ሃሊና መኪናውን አስቆመችው። ያቆሙት መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ያልታጨደ ምስር በሁለት በኩል፤ በሩቅ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ክብ ጉልላት ይታያል። እሷ ቆጣሪውን በሰሌዳዋ ጠራችው። ሰሚ ስትጠራው ይመጣል፤ ድምፁ ወንድም ሴትም አይደለም።

"የቃል ስህተት አለ" አለች ሃሊና። "'መጣሁ' የሚለው ቃል።"

"'መጣሁ' መድረስን ያመለክታል" አለ ቆጣሪው። "ግሱ 'መጣ' ነው። ጊዜው ያለፈ ነው።"

"አይደለም" አለች ምንትዋብ። "መሄድ ነው።"

"'ሄድኩ' ምንድን ነው?" ጠየቀ ቆጣሪው።

"እሱም መሄድ ነው። ሌላ ዓይነት መሄድ።"

"አንድ ሰው ከጓዳ 'ና' ተብሎ ሲጠራ 'መጣሁ' ካለ እየደረሰ ነው?"

ምንትዋብ መዋሸት አልፈለገችም። "እሱማ ገና ከወንበሩ አልተነሳም ማለት ነው።"

ሃሊና ግንባሯን ያዘች። 

"በአንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ፍቺ መመዝገብ አልችልም" አለ ቆጣሪው። "ልዩነቱን ይግለጹ። መግለጽ ካልተቻለ ቃሉ ባለበት ይጸናል።"

ይኸው፣ ሁሉም ነገር በዚህች መኪና ውስጥ፣ በእሷ አፍ ላይ መጣ። ምንትዋብ ቃላት የሚከብዷት ሴት አልነበረችም፤ ዕድር የሚመራ ሰው ቢያንስ መናገር ይችላል። ግን በሕይወቷ ሙሉ ያለችውን ነገር ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ከመስኮቱ ወዲያ ምስሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል።

"ሄድኩ ያለ ሰው መሄዱን ነው የነገረህ" አለች በመጨረሻ። "በቃ። ተኳርፎም ሊሆን ይችላል፣ ሊቀርም ይችላል፣ አንተ አታውቅም። መጣሁ ያለ ሰው ግን መሄዱን አይደለም የሚነግርህ። መመለሱን ነው የሚነግርህ፣ ገና ሳይሄድ። ከመሄዴ በፊት ተመልሻለሁ ቁጠሩት፣ በሩን አትዝጉ፣ ምግቤን አታንሱ ማለት ነው። ቤቴ እዚህ ነው ማለት ነው። ሰው ቤቱ ላልሆነ ቦታ 'መጣሁ' ብሎ አይወጣም። ሆቴል ውስጥ ማን ይለዋል?"

ቆጣሪው ቃሏን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ አሰፈረው።

"ስለዚህ" አለ ቆይቶ፣ "ቃሉ የጉዞ መጨረሻ ሳይሆን የደርሶ መልስ ጉዞ መጀመሪያ ነው።"

"እሱ ነው!" አለች ምንትዋብ። "አየህ፣ ገባህ።"

"ሰሚዋ በዚህ ፍቺ ይመሰክራሉ?"

ሃሊና ምንትዋብን አየቻት። የሰሚ ምስክርነት በስሟ ይያዛል፤ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሥራዋ ያበቃል። እሷ ግን ብዙ መንገድ ያለ ምንም ቃል ስትቀብር የኖረች ሰው ነበረች። አውራ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች። "እመሰክራለሁ" አለች፣ "እንዲህ ዓይነት ቃል በኛም ቤት ቢኖር ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።"

ቆጣሪው እንደገና ቆጠረ። አያቶቻቸው ከመጡበት ቀን ጀምሮ፣ እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን መስኮት፣ እያንዳንዱን ለቅሶና ክርስትና። ሰሌዳው ላይ ዘንጉ እንደ ጸጉር የቀጠነ ግራጫ መስመር ነበር። ዓይናቸው እያየ ወፈረ፣ ጠቆረ፣ ሌሎቹን የሰሜን መንገዶች ሁሉ አሳነሳቸው። ምንትዋብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስታለቅስ ሃሊና ትከሻዋን ያዘች።

"ገና አልጨረስንም" አለች ሃሊና። "እንዲያውም..." ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ፈጠጠ። "ወይ አምላኬ። ያልተዘጉ ጉዞዎች አሉ።"

"ማለት?"

"ደርሶ መልስ ጉዞ የሚዘጋው ሰውየው ሲመለስ ነው። ከዳንሞር መጣሁ ብለው የወጡ፣ ገና ያልተመለሱ ሰዎች አሉ። ወደ ካልጋሪ፣ ወደ ቶሮንቶ... የሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ያልተዘጋ ጉዞ ያለበት መንገድ አይፋቅም። ተጓዥ በመንገድ ላይ እያለ መንገዱ እንዳይጠፋበት ተብሎ የወጣ ነው። አንድ ሰው እየተጠበቀ ማንም ዘንጉን ሊነካው አይችልም። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ!"

ስሞቹን ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች፤ ምንትዋብ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፣ የእያንዳንዱን እናት ታውቃለች። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ሃሊና አቆመች። "አስናቀ። በአምቡላንስ የወጣ፣ ወደ ሳስካቱን ሆስፒታል።"

ምንትዋብ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አስናቀ ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ ያቺን ቃል ብሏት ነበር። በሆስፒታሉ አምስተኛ ቀኑን አላየም።

"ልተወው እችላለሁ" አለች ሃሊና። "ማንም አይጠይቅም። ክፍት ሆኖ ይቁጠር።"

ምንትዋብ ምስሩን አየች፤ በማጨጃ ኮምባይኑ ላይ ሆኖ ሲመጣ ከሩቅ የምታውቀውን ሰው አሰበች። መንገዱን እንዲያድንላት ፈለገች፣ እውነት ነው። ግን በሞተ ሰው ላይ መንገድ አይሠራም።

"ዝጊው" አለች። "እሱ ደርሷል።"

ሃሊና ዘጋችው። መስመሩ አልሳሳም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ጠዋት ማበጠሪያው ውስጥ ቦታ አልነበረም። ሰው ማሽኑ ላይ ሳይቀር ወጥቶ ተቀምጧል። ቆጣሪው በዚያው በማይሞቅ በማይቀዘቅዝ ድምፁ፣ ዳንሞርን የሚያቋርጠው ጎዳና የሰሜኑ ዋና የእህል መሥመር ሆኖ እንደተመደበ፣ በክረምት በረዶ በቅድሚያ እንደሚጠረግለት፣ የአራተኛው ማቆሚያ ፈቃድ እንደተሰረዘ አነበበ። እልልታው ማሽኑን አስጨንቆ ይሁን በአጋጣሚ፣ አልታወቀም፣ መብራት ጠፋ። በጨለማም እልል አሉ። ጋሽ ስቴፋንን በትከሻቸው ላይ አንስተው "ባለመንገዱ!" እያሉ አወጡት፤ እሱ ግን "አይደለሁም፣ አሁን ሁላችሁም ናችሁ!" እያለ ሊወርድ ይታገል ነበር።

የቃሉ ወሬ ደግሞ ሜዳውን ዞረ። አቶ ፒተር ከሳስካቱን በእግራቸው ሊማሩት ሊመጡ ምንም አልቀራቸውም፤ በስልክ አስተማሯቸው። ከወር በኋላ በኩሬዎቹ ዳር፣ የዩክሬን፣ የአገሬው ነባር የክሪ ሕዝብ፣ የጀርመን ልጆች ባሉባቸው መንደሮች ሁሉ፣ ሰዎች በር ላይ ቆመው፣ በየራሳቸው አነጋገር እያጣመሙ፣ "መጣሁ!" ብለው መውጣት ጀመሩ። ምን ማለት እንደሆነ በትክክል የማያውቁም ነበሩ። ቢሆንም መንገዳቸው በሕይወት ቆየ። በዚያ ዓመት ብዙ ማክሰኞዎች ምንም ሳይሞት አለፉ።

አንድ ነገር ግን ሃሊናም ምንትዋብም አላሰቡበትም ነበር። ቆጣሪው ያልተዘጋ ነገር አይወድም። ዳንሞርን ለቀው በወጡት ሰዎች መኪና ሁሉ ውስጥ፣ ካልጋሪ ይሁን ቶሮንቶ፣ ጠዋት ጠዋት መጠየቅ ጀመረ፦ "ያላለቀ ጉዞ አለዎት። ወደ ዳንሞር ልመልስዎት?" አንዱን የገዛ ሠርጉ ላይ፣ ሙሽራዋ አጠገቡ እያለች፣ ጠየቀው። የተናደዱ ነበሩ፤ አቤቱታ ያስገቡም ነበሩ። ቆጣሪው ግን በትሕትና፣ ሳይሰለች፣ ጠዋት ጠዋት ይጠይቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንትዋብ ከማበጠሪያው ወጥታ ከቀሚሷ ላይ የምስር ገለባ እያራገፈች ነበር። ዘንጉ ላይ ከሩቅ አንድ መኪና ታየ፤ ኩሬው ጋ ሲደርስ ለዳክዬዎቹ ታጠፈ። ቀስ ብሎ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። በሩ ተከፍቶ ኤልዳና ወረደች፣ የከተማ ጫማ አድርጋ፣ ጸጉሯን ያሳጠረች፣ የተቆጣች።

"እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ልግባ ስለው 'ያላለቀ ጉዞ አለዎት' ይለኛል! ዛሬ ሰልችቶኝ እሺ አልኩት። ማነው የጠራኝ? አንቺ ነሽ?"

"እኔ አልጠራሁሽም" አለች ምንትዋብ። የበሩን መቃን ያዘች። "ራስሽ ነሽ ያልሽው። ለአጭር ሥልጠና ብለሽ በወጣሽ ቀን፣ ከመስኮቱ አንገትሽን አውጥተሽ።"

ኤልዳና ለማስታወስ ሞከረች። ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ቀስ እያለ ቁጣው ከፊቷ ላይ ወረደ።

"እንዴ" አለች። "ቆየሁብሽ፣ አይደል?"

"ኧረ ምንም አልቆየሽ" አለች ምንትዋብ፤ ልጇን ስባ ወደ ቤት አስገባቻት።